ጥፋቱ የባቄላው አይደለም

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ድስት ነው። «ስለ ድስት ደግሞ ምን ይጻፋል?» ብለው ገጹን ለመግለጥ አይቸኩሉ። ደመወዝዎም፥ የምሳ ሰዓትዎም፥ አንዳንድ ጊዜም ነፍስዎ ጭምር በዚህ ዕቃ ላይ የሚንጠለጠልበት ቀን አለ።

እስቲ እንዲህ እናስብ። ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ ነዎት። ትምህርትዎን ጨርሰው የመጀመሪያ ሥራዎን በደቡብ ወሎ፥ በቦረና ወረዳ፥ በመካነ ሰላም ከተማ አገኙ። አንዲት ክፍል ተከራዩ፤ አንድ የከሰል ምድጃና አንድ ብረት ድስት ገዙ። እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ባቄላ ጣዱ፤ ሁለት የመሥሪያ ቤት ጓደኞችዎንም ለንፍሮ ጠሩ። 6 ሰዓት ሆነ፤ ውሃው ይንተከተካል፥ ባቄላው ግን ጥርስ ይሰብራል። ከሰል ጨመሩ። 8 ሰዓት ሆነ፤ እንግዶቹ ቡናውን እስከ በረካው ጠጥተው ጨርሰዋል፥ ባቄላው ግን ገና ነው። አንደኛው እንግዳ ጥፋቱን በባቄላ ነጋዴዋ ላይ አደረገ፤ ሁለተኛው በውሃው ላይ አደረገ። እርስዎ ደግሞ በልብዎ ድስቱን ከሰሱ። «በእናቴ ድስት ቢሆን ይኸን ጊዜ በስሎ ነበር» አሉ።

እናትዎ ያሉት ድሬዳዋ ነው። ምሥጢሩም እዚያው ላይ ነው።

በዚህ ነገር የተቸገሩት የመጀመሪያው ሰው እርስዎ አይደሉም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1835 ዓ.ም. በማርች ወር፥ እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን በደቡብ አሜሪካ የአንዲስን ተራሮች ሲሻገር ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሰፍሮ ነበር። ድንች ተጣደ፤ ከብዙ ሰዓት በኋላም ጥሬ ሆኖ ተገኘ። ድስቱ ሌሊቱን ሙሉ ከእሳት ላይ አደረ፤ ጠዋትም እንደገና ፈላ፤ ድንቹ ግን አልበሰለም። አብረውት የሚጓዙት ሁለት ሰዎች ነገሩን ሲመካከሩ ቆይተው ፍርድ ሰጡ፤ ፍርዱም «ድስቱ አዲስ ነውና ድንች መቀቀል አልፈቀደም» የሚል ዓይነት ነበር። ዳርዊን ምክንያቱን ያውቅ ነበርና ታሪኩን ከነቀልዱ በመጽሐፉ ጽፎ አቆየልን።

ምክንያቱ አየሩ ነው። በላያችን ያለው አየር ክብደት አለው። ውሃ እንዲፈላ እንፋሎቱ ያን ክብደት ገፍቶ መውጣት ይኖርበታል። በባሕር ጠረፍ አየሩ ስለሚከብድ ውሃው እስከ 100 ዲግሪ ሳይሞቅ አይፈላም። ወደ ተራራ በወጡ መጠን ከበላይዎ የሚቀረው አየር እያነሰ ይሄዳል፤ ውሃውም በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ውሃ የሚፈላባት በ96 ዲግሪ ግድም ነው። በአዲስ አበባ 92 ያህል ነው። መካነ ሰላም 2600 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች 91 ነው። በደሴ መንገድ ወደ ለጋምቦ ደጋ ሲወጡ ከዚያም ዝቅ ይላል፤ 4000 ሜትር በሚጠጋው በአምባ ፈሪት ራስ ላይ ውሃ ቢጥዱ ከ87 ዲግሪ እምብዛም አያልፍልዎትም። በአንጻሩ ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ፥ ወደ ዓባይ በረሃ ቢወርዱ ድሬዳዋ የገቡ ያህል ይሆናል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ልብ ይበሉ። ውሃ አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ የቱንም ያህል እሳት ቢጨምሩበት ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ በዚያ እሑድ የጨመሩት ከሰል ሁሉ ውሃውን አጎደለ እንጂ ባቄላውን አላበሰለም። በግምት ሲነገር፥ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የማብሰሉ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ድሬዳዋ 2 ሰዓት የሚፈጅ ባቄላ መካነ ሰላም ላይ 3 ሰዓት ቢጠጋ የሚያስደንቅ አይደለም። የከረመ ባቄላና ጨው የበዛበት ውሃ የየራሳቸው ጥፋት አላቸው፤ ትልቁ ጥፋት ግን የቦታው ከፍታ ነው።

መድኃኒቱን ያገኘው ዴኒ ፓፓን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ይህ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1679 ዓ.ም. ለንደን ላይ አንድ ወፍራም ድስት ሠርቶ ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አሳየ። የድስቱ ክዳን በብሎን የሚጠበቅ ነበርና እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ውስጡን ይገፋል፤ ውሃውም ከልኩ በላይ ሳይሞቅ አይፈላም። ድስቱ እንዳይፈነዳም፥ ግፊቱ ሲበዛ ራሱን ከፍቶ የሚያስተነፍስ መዝጊያ አበጀለት። በ1682 ዓ.ም. ለማኅበሩ አባላት በዚሁ ድስት ራት ቢያቀርብላቸው አጥንቱ ሳይቀር እንደ አይብ ለስልሶ አገኙት።

ዛሬ በየሱቁ «ፕሬሸር ኩከር» እየተባለ የሚሸጠው የግፊት ድስት የፓፓን ድስት ልጅ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ደግሞ የልጅ ልጁ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ከስቶቭ ላይ ይጣዳል፤ እያፏጨ፥ እሳቱን አንሱልኝ አውርዱልኝ እያለ ጠባቂ ይፈልጋል። የኤሌክትሪኩ ግን ሙቀት ሰጪውም፥ ሰዓት ቆጣሪውም፥ መቆጣጠሪያውም ከራሱ ጋር ነው። ግፊቱ ከልኩ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ራሱ ያጠፋል፤ ሲጎድል መልሶ ያበራል። ለጀማሪ የሚሻለው እርሱ ነው።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ለእኔ ምኔ ነው? ከሰሌ አለልኝ» ይሉኝ ይሆናል። ውድ አንባቢ፥ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣዎ ነው። የመካነ ሰላም ማታ ብርድ ነው። በሩንና መስኮቱን ዘግተው በአንዲት ክፍል ውስጥ ለ3 ሰዓት ከሰል ሲያነዱ፥ ከፍሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። አይታይም፥ አይሸትም፥ ዐይን አይለበልብም። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ፥ ቀጥሎ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ የማይነቁ አሉ። ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች እንደ ተኙ የቀሩበት ወሬ በአገራችን ስንት ጊዜ ተሰምቷል። «ጭሱ ካለቀ ደህና ነው» የሚባለው ስሕተት ነው፤ ፍም የሆነውም ከሰል ይገድላል። ድስት ቢገዙም ባይገዙም፥ ከዚህ ገጽ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህን አንዱን አይርሱ፤ ከሰል ከውጭ ይነድዳል፥ እንቅልፍ ከውስጥ ይተኛል።

እንግዲህ ወደ ገበያው እንሂድ። ከነጋዴው ፊት ሲቆሙ የአዝራሩን ብዛት አይቁጠሩ። «ለኬክ ነው፥ ለእርጎ ነው፥ ለሩዝ ነው» የሚሉት አዝራሮች ሁሉ ሲገለጡ አንድ ሙቀት ሰጪና አንድ ሰዓት ቆጣሪ ናቸው። ከዚህ ይልቅ አምስት ነገር ይመርምሩ።

አንደኛ፥ ከድስቱ በታች ወይም ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። አሜሪካ ያሉ አክስትዎ በሻንጣ የላኩልዎት ድስት ግን ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል። እርሱን በቀጥታ ከሶኬቱ ቢሰኩት ከታሰበለት ኃይል ሦስት እጥፍ በላይ ይስባል፤ ያን ጊዜ ድስቱ ይቃጠላል፥ ከባሰም ቤቱ ይከተለዋል። የቮልቴጅ መቀየሪያ ልግዛ ቢሉም የ1000 ዋት ድስት የሚችል መቀየሪያ ከባድና ውድ ነው። አክስትዎን ከልብ ያመስግኑ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ጽሑፉን አስቀድመው እንዲያዩልዎ ይለምኗቸው።

ሁለተኛ፥ መጠኑን ይመልከቱ። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው 3 ሊትር ይበቃል። ሦስት አራት ሆነው የሚኖሩ ተማሪዎች ከሆኑ 5 ወይም 6 ሊትር ይሁን። የግፊት ድስት እስከ አፉ እንደማይሞላ አይዘንጉ፤ ለሥጋና ለወጥ ከሦስት ሁለቱ እጅ፥ አረፋ ለሚያወጣና ለሚያብጥ እህልና ጥራጥሬ ደግሞ ግማሹ ብቻ ነው የሚያዘው።

ሦስተኛ፥ ክዳኑን ራስዎ ይክፈቱት፥ ይዝጉትም። በክዳኑ ዙሪያ የጎማ ቀለበት አለ፤ ያ ጎማ ካረጀ ወይም ከተሰነጠቀ ድስቱ ግፊት አይዝም። ስለዚህ መለዋወጫ ጎማ ከዚያው ሱቅ የሚገኝ መሆኑን ይጠይቁ፤ ከተገኘም አንድ ትርፍ አብረው ይግዙ። ጎማው ያለቀበት ድስት በጣም ውድ የሆነ የዱቄት ማስቀመጫ ነው።

አራተኛ፥ የውስጡን ድስት ያንሡት። የማይዝገው ብረት ቢፋቅም ይችላል፤ ጥቁር ቅብ ያለው ምግብ አያጣብቅም፥ ነገር ግን በብረት ማንኪያ ከፋቁት ቅቡ ይላጣል። ሁለቱም ያበስላሉ፤ እርስዎ የትኛውን እንደሚንከባከቡ ያውቃሉ።

አምስተኛ፥ የሚሰካበትን ሶኬት ያስቡ። ድስቱ እንደየመጠኑ 700 ወይም 1000 ዋት ይስባል። የስልክና የራዲዮ ገመድ በሚሰካበት ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ አይቀጥሉት፤ በቀጥታ ከግድግዳው ይሰኩት። የጊቢው የእንጀራ ምጣድ ከእርስዎ ድስት ሦስትና አራት እጥፍ የሚስብ ነውና፥ መሥመሩ ደካማ ከሆነ ምጣዱ በተጣደበት ሰዓት የእርስዎ ድስት ይረፍ።

ገዝተው ቤት ሲገቡ የመጀመሪያዋ ፈተና አከራይዎ ናቸው። «ስቶቭ ክልክል ነው!» ብለው በር ላይ ይጠብቁዎታል። አይቀየሟቸው፤ ሥጋታቸው እውነት ነው። የኤሌክትሪክ ዋጋ ፍጆታው በጨመረ መጠን ደረጃ በደረጃ እየከበደ የሚሄድ ነው። በአንድ ቆጣሪ አምስት ተከራይ ሲኖር የሁሉም ፍጆታ ይደመርና ወደ ውዱ ደረጃ ይወጣል። ስለዚህ ክርክሩን ይተዉና ሒሳቡን ያሳዩአቸው። 1500 ዋት የሚስብ ስቶቭ 2 ሰዓት ቢነድድ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የግፊት ድስትዎ ግን አንዴ ከጋለ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ስለሚቆይ፥ ለአንድ ድስት ባቄላ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ቢበላ ነው። «እትዬ፥ ሌላውን ሁሉ አጥፍተን ቆጣሪውን አብረን እንይ» ይበሏቸው። ከመጣድዎ በፊት ቁጥሩን ይጻፉ፤ ሲጨርሱም ይጻፉ። ከብዙ ቃል አንዲት ቁጥር ታስታርቃለች።

በመጀመሪያው ቀን ምግብ አይሥሩበት፤ ውሃ ብቻ ይጣዱ። ሦስት ኩባያ ውሃ ያድርጉ፥ ጎማው በቦታው መቀመጡን ይዩ፥ ክዳኑን ይግጠሙ፥ የእንፋሎት መውጫውን ወደ ዝግ ያዙሩና 5 ደቂቃ ያዝዙት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከክዳኑ ላይ አንዲት ትንሽ ፒን ብድግ ትላለች። ፒኗ ቆማለች ማለት ውስጡ ግፊት አለ፥ ክዳኑም ተቆልፏል ማለት ነው። ፒኗ ስትወድቅ ግፊቱ አልቋል። ከዚህ ድስት የሚማሩት አንድ ሕግ ቢኖር ይህ ነው፤ ፒኗ ሳትወድቅ ክዳኑን አይንኩ። በጉልበት ከፍተው የፈላ ወጥ ፊታቸው ላይ የተደፋባቸው ሰዎች አሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ተረት ለዚህ ድስት አይበቃውም፤ እዚህ የሚፈሰው የሚለቀም አይደለም።

በሁለተኛው ቀን ባቄላውን ያምጡት። ማታውን ይዘፍዝፉት፤ ጠዋት ውሃውን ደፍተው ያጥቡት። ከግማሽ ሳያሳልፉ በንጹሕ ውሃ ይጣዱት። ውሃው ከባቄላው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይበል፤ ክዳኑ ዝግ ስለ ሆነ አይተንምና ውቅያኖስ አያስፈልገውም። አረፋውን የሚያበርድ አንድ ማንኪያ ዘይት ጣል ያድርጉበት። ጨውና ሚጥሚጣው ኋላ ይደርሳል።

አሁን «ስንት ደቂቃ?» የሚለው ጥያቄ መጣ። አብዛኞቹ ጀማሪዎች፥ እኔንም ጨምሮ፥ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ከድስቱ ጋር በመጣው ደብተር የተጻፈው ደቂቃ የተለካው በቆላ፥ በባሕር ጠረፍ አካባቢ ነው። ድስቱ የሚያደርገው በውጭው አየር ላይ ግፊት መጨመር ነው። የውጭው አየር ራሱ ቀላል ከሆነ ድምሩም ያንሳል። ያው ድስት በባሕር ጠረፍ 116 ዲግሪ ቢደርስ መካነ ሰላም ላይ 110 ገደማ ላይ ይቆማል። ይህም በክፍት ድስት ከሚገኘው 91 ዲግሪ 20 ያህል ይበልጣልና ትልቅ ረድኤት ነው፤ ደብተሩ የሚለውን ያህል ግን አይደለም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከ600 ሜትር በላይ ለሚወጡት ለእያንዳንዱ 300 ሜትር፥ በደብተሩ ደቂቃ ላይ ከመቶ 5 ይጨምሩ። ለመካነ ሰላም ሲደመር ከመቶ 33 ይመጣል፤ ይኸውም ሢሶ ማለት ነው። ሢሶ ይጨምሩ፥ በቃ። ለአዲስ አበባ ከመቶ 30 ያህል ነው፤ ለድሬዳዋ 10 ብቻ። እንግዲህ ደብተሩ ለተዘፈዘፈ ባቄላ ወይም ሽምብራ 15 ደቂቃ ካለ እርስዎ 20 ይበሉ። ለድፍን ምስር 10 ካለ 13፥ ለተከተፈ የበሬ ሥጋ 25 ካለ 33፥ ላልተዘፈዘፈ ሽምብራ 40 ካለ 53 ያድርጉት። የከረመ ባቄላ፥ የእርሻ በሬና ያረጀ አውራ ዶሮ ከዚህም በላይ ይጠይቃሉ። ያልበሰለ ቢሆን መልሶ መክደንና 5 ደቂቃ መጨመር ይቻላል፤ ከመጠን በላይ የበሰለውን ግን ማንም አይመልሰውም። ውጤቱን በትንሽ ደብተር ይጻፉ። ከወር በኋላ ከድስቱ ጋር ከመጣው የሚበልጥ የራስዎ መመሪያ ይኖርዎታል።

ደግሞም 20 ደቂቃ ማለት ከጣዱበት እስከሚበሉበት 20 ደቂቃ ማለት አይደለም። ቆጠራው የሚጀምረው ግፊቱ ከሞላ በኋላ ነው፤ እርሱም 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሲጨርስም ባቄላና ምስር አረፋ ስላላቸው መውጫውን ወዲያው አይክፈቱ፤ አረፋው ቀዳዳውን ሊደፍነው ወይም ግድግዳዎን ሊቀባው ይችላል። ራሱ እስኪበርድ 20 ደቂቃ ያህል ይተዉት። ድምሩ አንድ ሰዓት ገደማ ሆነ። ከቢሮ 6 ሰዓት ተኩል ወጥተው 7 ሰዓት ተኩል የሚመለሱ ከሆነ ለዕለቱ ምሳ አይደርስም። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ይጣዱት፤ ለራትም ለነገ ምሳም ይሆናል። ለነገ የሚቆየውን በቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት፥ ሲበሉም እንደገና እስኪንተከተክ ያሙቁት። ሥጋ ሲሆን መውጫውን በጥቂቱ ከፍተው ማስተንፈስ ይችላሉ፤ እጅዎን በእንፋሎቱ መንገድ ላይ ሳያደርጉ በእንጨት ማንኪያ እጀታ ይግፉት።

መብራት በመካከል ቢጠፋስ? አይደንግጡ፥ ክዳኑንም አይንኩ። ድስቱ የተከደነና የጋለ ስለ ሆነ ለጥቂት ጊዜ በራሱ ሙቀት ማብሰሉን ይቀጥላል። መብራቱ ሲመጣ አንዳንዱ ድስት ካቆመበት ይቀጥላል፥ ሌላው ሁሉን ረስቶ ይጠብቅዎታል፤ የእርስዎ የትኛው እንደ ሆነ ይወቁ። ሥጋ ጥደው መብራቱ ለብዙ ሰዓት ከቀረ ግን ለብ ባለ ድስት ውስጥ አያሳድሩት። ለዚህ ነው አንድ ትንሽ የከሰል ምድጃ ከነጭራሹ እንዲጥሉ የማልመክርዎ። ከደጅ ይሁን እንጂ፥ ይኑር።

ድስቱ የማይችለውንም ልንገርዎ። ሽሮ አይወድም፤ ወፍራም ነገር ከታች ይይዝና ያራል፥ ድስቱም ራሱን ያጠፋል። ለወጥ የሚሆነውን ቁሌት ክዳኑን ሳይገጥሙ ያብስሉ፤ ሽንኩርቱና በርበሬው በደንብ ከበሰለ በኋላ ውሃ ጨምረው ከታች የያዘውን በእንጨት ማንኪያ ያላቅቁ፤ ሥጋውን አግብተው የሚከድኑት ከዚያ በኋላ ነው። ቦሎቄ፥ ይልቁንም ቀዩ፥ በዝግታ ማብሰያው አዝራር አይሠራም፤ በደንብ ካልፈላ ሆድን የሚያውክ ነገር አለበት። ጓያን ደግሞ ይህ ድስት ከጥፋቱ አያነጻውም፤ ጓያን የዘወትር ምግብ ማድረግ እግርን እንደሚያሰልል የወሎ ገበሬ ያውቃል፥ ግፊትም አያድነውም።

በጋራ ለምትገዙም አንድ ምክር አለኝ። በወሎ አንድ ቤት ተከራይተው ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው መኖራቸው የተለመደ ነው። የክዳኑ ጎማ የሥጋ ሽታ ይይዛል። ስለዚህ የጋራው ድስት ለእህልና ለጥራጥሬ ብቻ ይሁን፤ ሥጋ ሁሉም በየራሱ ድስት ይሥራ። ያን ጊዜ ድስቱ በዓቢይ ጾምም በረመዳንም ያለ ክርክር ያገለግላችኋል።

ከበሉ በኋላ ጎማውን አውጥተው ይጠቡ፤ የእንፋሎት መውጫውን ቀዳዳ ወደ ብርሃን አንሥተው ይመልከቱ፤ የባቄላ ልጣጭ ካለበት ያውጡት። የፓፓን መዝጊያ ያን ሁሉ ዘመን ሰው ሲጠብቅ የኖረው ቀዳዳው ክፍት ስለ ሆነ ነው። ሙቀት ሰጪው ያለበትን የውጩን አካል ግን በጨርቅ ይወልውሉት እንጂ ውሃ ውስጥ አይንከሩት።

ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው የደንቆሮ ጫካ አሁንም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖርበታል። በደጋው አገር እናቶችና ልጆች ለእሳት ሲሉ ማገዶና ኩበት ተሸክመው ይውላሉ። ከነዚህ ተራሮች የሚወርደው ውሃ ደግሞ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ታላቁን የሕዳሴ ግድብ ያዞራል። አንዲት ድስት ጫካ አታድንም፥ የከተማውንም መሥመር አታጠናክርም። ነገር ግን የአንድ ወጣት ሠራተኛ የአንድ ምሽት 3 ሰዓት፥ የአንድ ጆንያ ከሰል ዋጋና የአንዲት ክፍል ንጹሕ አየር ትመልሳለች።

እንግዲህ በሚመጣው እሑድ እነዚያኑ ሁለት እንግዶች እንደገና ይጥሯቸው። ባቄላውን ከዚያችው ነጋዴ ይግዙ። ማታውን ይዘፍዝፉ፥ ግማሽ ድስት ይጣዱ፥ ሢሶ ይጨምሩ፥ ፒኗ እስክትወድቅ ይታገሡ። ባቄላው ሲፈረከስ ስታዩ ነጋዴዋንም፥ ውሃውንም፥ ያን ምስኪን ብረት ድስትም በነጻ ትለቃላችሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ይሰንብቱ።